የውዴ በር

ሦስተኛው የመጥረቢያ ምት መቀርቀሪያውን ከነሚስማሩ ነቀለው። በሩ ወደ ውስጥ ሲወድቅ እንዳለው የሚባለው ጎረቤት መጥረቢያውን እንደጨበጠ አብሮ ገባና በሩ ላይ ተደፋ። ከኋላው ተሰብስበው የነበሩት ሴቶች እስካሁን አፍነው የያዙትን እሪታ ለቀቁት። ወይዘሮ ባንቺ ግን እሪ ለማለትም ጊዜ አላባከኑም። የተደፋውን ጎረቤታቸውን ተራምደው አለፉና ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ የተቀመጠችውን የልጃቸውን ሚስት ትከሻዋን ይዘው ነቀነቋት።

ውዴ ብንን አለች። ጉንጯ ላይ የመጽሐፉ ጠርዝ ሰንበር አውጥቶበታል። የመንደሩ ግማሽ ቤቷ ውስጥ ነው፤ ሁሉም አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አማቷ አገጯን ፈልቅቀው አፍንጫቸውን አፏ ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም።

"አይሸትም!" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "መድኃኒቱ አይሸትም! ወተት አምጡ! ኧረ ወተት!"

ውዴ ሁለት የጥጥ ውታፎች ከጆሮዎቿ አወጣች። ጫጫታው በአንድ ጊዜ ገባባት።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

"አንቺ!" አለ እንዳለው ከወደቀበት ሳይነሳ።

በመንደሩ ሰው መፍረድ አይቻልም። በዚህ በደሃና ዳገት ላይ በቀን በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ የሚቀመጥ ሰው የለም። በር በቀን ከተዘጋ ባለቤቱ መንገድ ሄዷል ማለት ነው፤ ያም የሚዘጋው ከውጭ ነው። ከውስጥ የተዘጋ እንደሆነ ነገር አለ። ውዴ ደግሞ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ በመሆኗ ከአማቷ ጎጆ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ አይጠፋም። ትናንት ወደ ማታ ከመንደሩ በላይ ጉብታ ላይ ስልክ ስታወራ ቆይታ ስታለቅስ ሁለት ሴቶች አይተዋታል። ዛሬ የወሩ ሚካኤል ነው፤ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ በየደጁ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ቤተ ክርስቲያንም አልታየች፣ ማኅበሩም ላይ የለችም። ሰዉ ልቅሶውን ከበሩ፣ በሩን ከጠርሙሱ ጋር አገጣጠመው። አንኳኩ፣ ዝም። በስሟ ጠሩ፣ ዝም። ይኼኔ እንዳለው መጥረቢያውን ሊያመጣ ሮጠ።

ጥጡን ከአማቷ የፈትል እንቅብ ነበር የወሰደችው። የጎረቤቱን ጨዋታ፣ የልጇን የሰላማዊትን "እማ፣ እማ"፣ በየመሀሉ "ውዴ፣ ላሜ አልበላ አለች" እያለ የሚመጣውን ገበሬ እንዳትሰማ ጆሮዋን ደፈነችበት። ነገ ሰቆጣ ላይ ፈተና አለባት። የገጠር ልማት ዲግሪ በርቀት መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስታቲስቲክስ የሚባለውን ትምህርት አንዴ ወድቃለች፤ የነገው ድጋሚ ነው፤ እሱንም ከወደቀች ትሰናበታለች። ትናንት ያስለቀሳት ስልክ የምህረት ነበር። ምህረት ሰቆጣ ላይ አብራት በርቀት የምትማር ጓደኛዋ ስትሆን፣ ባሕር ዳር ተዛውሬያለሁ፣ ነገ ከዚያው ነው የምፈተነው ብላ ተሰናብታታለች። ውዴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለምን እንዲያ እንዳለቀሰች ለራሷም አልገባትም ነበር።

ሰላማዊት እያለቀሰች መጥታ ቀሚሷ ውስጥ ተሸጎጠች። ወተቱ መጣ። ውዴ አልታመምሁም ብትልም የሚሰማት አልነበረም፤ አማቷ ዓይናቸውን አፍጥጠው እስከ ጥግ አስጠጧት።

ከዚያ ሰዉ ወደ ቤቱ አልሄደም። ከሞት የተረፈ ሰው ጥለው አይሄዱም። አንዱ መደቡ ላይ፣ አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ የቀሩት በወደቀው በር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የነገውን ፈተና የምታነብበት የመጨረሻው ቀን እንደዋዛ በእንግዳ ተሞላ። ውዴ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ ብታለቅስ ግን ሌላ ወተት ሊመጣ ነው።

እንዳለው ልብሱን አራግፎ ተነሣ። አርባውን ያለፈ፣ ረጅም፣ ነገረ ሥራው ሁሉ የተጣደፈ ሰው ነው።

"በሩን እኔ ሰበርሁት፣ እኔው እሠራዋለሁ" አለ። "ግን እንደው በሚካኤል፣ ምን ስትሠሪ ነው?"

"ስማር ነዋ አያ እንዳለው።"

"ማን ሲያስተምርሽ?" አሉ መደቡ ላይ የተቀመጡት አባ ትእዛዙ፣ የመንደሩ ሽማግሌ። ሰው ያለ ይመስል ዞር ዞር ብለው ቤቱን ቃኙት።

"ማንም የለም አባ። መጽሐፉ ነው የሚያስተምረው። የርቀት ትምህርት ይባላል። መጽሐፉን ይሰጡናል፣ እቤታችን እናነባለን፣ ሰቆጣ ሄደን እንፈተናለን።"

"ስትስቺስ ማን ያርምሻል?"

"ፈተናው።"

"ፈተናው ካረመማ ምን ዋጋ አለው! ወድቀሽ የለ እንዴ? እኛ ዳዊት ስንደግም የኔታ ካጠገባችን ነበሩ። ገና ልንስት አፋችንን ስናሞጠሙጥ አለንጋው ይደርስ ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። ውዴም ሳትፈልግ ሳቀች።

"እስቲ አንብቢልን" አለ እንዳለው። "በር ያሰበረንን ነገር እንስማው።"

"በእንግሊዝኛ ነው እኮ።"

"በእኛ አፍ ንገሪና።"

ልማቷ እየተባለች በምትጠራበት መንደር ውስጥ አላውቀውም ማለት አፈረች። መጽሐፉን ገለጥ አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ ስታየው የዋለችው ገጽ ነው። ስለ ናሙና አወሳሰድ ይላል። ነገሩን በእንግሊዝኛ በቃሏ ይዛዋለች፤ ብቻዋን ስትደጋግመው ግን ቃሉ ይጠራል፣ ነገሩ አይገኝም። አሁን በኽምጣንጋ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ልትናገር አፏን ስትከፍት ከየት እንደምትጀምር ጨነቃት።

"ገበያ ሄዳችሁ ማሽላ ስትገዙ" አለች በመጨረሻ፣ "ጆንያውን ሁሉ ዘርግፋችሁ አታዩትም። ዘገን አድርጋችሁ ታያላችሁ። በእፍኙ ጆንያውን ትፈርዳላችሁ። ይኼው ነው።"

"ይኼ ነው በር የሚያዘጋው?" አለች አንዷ ሴት።

"ቆይ" አለ እንዳለው፣ "ነጋዴው ከላይ ከላይ ምርጡን አድርጎ ከሥር ነቀዙን ቢሞላውስ? አምና እኔን እንዲያ አይደል ያደረገኝ?"

"ለዚያማ ነው ከላይ ብቻ የማይዘገነው! ከላይም፣ ከመሀልም፣ ከሥርም ትዘግናለህ። የትኛውም ፍሬ እኩል እጅህ ውስጥ የመግባት ዕድል…" ውዴ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቆመች። መጽሐፉን አየች። ገጹ ላይ ያለው እንግሊዝኛ፣ ጠዋት ግድግዳ የሆነባት፣ ይህንኑ ነበር የሚለው።

"ምነው?" አሉ አባ ትእዛዙ።

"ምንም" አለች። ደስም አላት፣ ተናደደችም። ጥጥ ወትፋ፣ በር ቀርቅራ ያላገኘችው ነገር ጎረቤት ተሰብስቦ ሲነዘንዛት በአፍታ መጣላት። ይህን ነገር ከዚህ በፊትም ታውቀው ነበር። አሁን ግን ልትክደው አልቻለችም።

የስልክ መስመር የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ውዴ ሰላማዊትን አዝላ ዳገቱን ወጣች፤ ባሏ ወሬውን ከሌላ ሰው ሳይሰማ ልትደርስበት ነው የቸኮለችው። ሰላማዊት ከበደቻት፤ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የሚታዘል አይደለም፤ ግን የዛሬውን ያየች ልጅ እንዴት ብላ ትለያት!

ጉብታው ላይ ስትደርስ ስልኩ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባሏ መንግሥቴ ደውሎ ነበር፤ ደጋግሞ። መንግሥቴ አዲስ አበባ ሕንፃ ሥራ ላይ ፌሮ አሳሪ ነው። ወሬው ቀድሟታል።

መልሳ ደወለች።

"ማነው?" አለ ድምፁ። የራሷ ስልክ እየደወለለት ማነው ማለቱ አስደነገጣት።

"እኔ ነኝ።"

ከኋላው ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። ከዚያ ብረቱን የሚሸፍን ለቅሶ መጣ። ውዴ ባሏ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም።

"አለሁ እኮ፣ መንግሥቴ። አለሁ። ተሳስተው ነው።"

"ሞታለች አሉኝ! መድኃኒት ጠጣች አሉኝ! ከላይ ሆኜ ነው የነገሩኝ፤ ጓደኞቼ ባይዙኝ ወድቄ ነበር።"

ያደረገችውን ነገረችው፤ በሩን፣ ጥጡን፣ ፈተናውን። መተኛቷን ግን አልነገረችውም። ሲሰማ ቆይቶ ልቅሶው ወደ ቁጣ ዞረ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ በደወልሁ ቁጥር ነገ ፈተና ነው፣ ነገ አሳይመንት ነው ትይኛለሽ። እኔ አትማሪ አላልሁም። ግን ወይ ተማሪው ወይ ተዪው ውዴ። እንዲህ መሀል ላይ ቆመሽ አንቺም አለቅሽ፣ እኛንም ልትጨርሺን ነው።"

"ጩኸት ነው እንጂ" አለች። "ሰው ነው። ልጅቷ ናት። እናትህ…"

"እናቴ ምን አደረገች?"

"ምንም።"

በእርግጥም ወይዘሮ ባንቺ ምንም አላደረጉም፤ አምና "አይሆንም" ከማለት በቀር። አምና ወረዳው ለመደበኛ ትምህርት አንድ ሰው ሲፈልግ ዕድሉ የውዴ ነበር። ወልድያ፣ ሦስት ዓመት፣ ደመወዟ ሳይቋረጥ። ወይዘሮ ባንቺ ሰምተው፣ "ሄጄ እመጣለሁ የምትል ሴት አንድ አለችኝ፤ እሷ ትበቃኛለች" አሉ። ልጃቸው ብርሃን ጂዳ ከሄደች ሰባተኛ ዓመቷ ነው፤ ስትሄድ ሁለት ዓመት ብላ ነበር። ብልህ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል እንዲሉ፣ ውዴ የጀመረችውን ርቀት ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አልገባት ባለ ቁጥር ሰበቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ አማቷ፣ ልጇ፣ የመንደሩ ወሬ።

ከባሏ ጋር ሳትጨርስ ሌላ ስልክ ገባ። አቶ ካሤ ናቸው፣ አምደወርቅ ላይ የወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዋ።

"ከጠዋት ጀምሬ ስደውልልሽ" አሉ። "ምን ሆነሻል? አንድ ወሬ ሰምቼ ነበር።"

"ደህና ነኝ። ውሸት ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ስሚኝ፣ የወልድያው ዕድል ዘንድሮም መጥቷል። አንድ ሰው ነው። አምና እምቢ ብለሽኝ ነበር፤ ዘንድሮም ቅድሚያው ያንቺ ነው። ስም የምልከው ዛሬ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ እዘጋለሁ።"

"የርቀቱን ጀምሬያለሁ እኮ አቶ ካሤ። ነገ ፈተና አለብኝ።"

"አውቃለሁ። እንዴት ነው ታዲያ፣ ርቀቱ ተስማማሽ?"

ውዴ አፏን ከፈተች። ጥሩ ነው ልትል ነበር። ሁልጊዜ ሲጠይቋት የምትለው እሱን ነው። ድምፁ አልወጣላትም።

"ውዴ፣ ቀላል ጥያቄ ነው የጠየቅሁሽ" አሉ አቶ ካሤ። "እኔ ዲግሪዬን የያዝሁት በርቀት ነው። ሰው ካጠገቤ ካለ አንድ መስመር አይገባኝም፤ አንድ ጥግ ስጪኝና መጽሐፍ ጣይልኝ፣ እንደ አይጥ እበላዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሞክራው ጥላዋለች፤ ከእኔ ሰንፋ አይደለም። ሰው የሚገባበት በር አንድ አይደለም። አንቺ ራስሽን ጠይቂ። አሥራ አንድ ሰዓት።"

ስልኩ ተዘጋ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። ውዴ ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ ልጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

ትምህርት መቼ ነበር የሚገባት? አምደወርቅ ስትማር ከሦስት ሴት ልጆች ጋር ዳገት ቁልቁለቱን በእግር ይመላለሱ ነበር። ደብተራቸውን ያጠኑት በመንገድ ላይ ነው። አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች፣ ሦስተኛዋ "ውሸት!" ትላለች፣ ድንጋይ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ውዴ ከሁሉም ጮሃ የምትከራከር ነበረች፤ ከሁሉም በላይ ያመጣችውም እሷ ናት። በርቀቱም ቢሆን ያለፈቻቸው ትምህርቶች ከምህረት ጋር ሰቆጣ የእግዜር ውኃ ጠጥተው ሲከራከሩ የዋሉባቸው ነበሩ። ብቻዋን ያነበበችውን ወደቀች። ትናንት ያስለቀሳት ይኼ ነበር። ምህረት ስትሄድ የሄደባት ጓደኛ ብቻ አልነበረም።

ዛሬስ? ዛሬ ጩኸት አልነበረም። በሩ ተዘግቷል፣ ጆሮዋ ተደፍኗል፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘችው ጸጥታ ነበር። እሷ ግን አንዱን ገጽ እያየች አንቀላፋች። ለሰው የምትሰጠው ሰበብ ሁሉ ተነሥቶላት ነበር፤ ተኛች። ይህን ስታስበው አፈረች፤ ከሀፍረቱ ሥር ግን አንድ የቀለላት ነገር ነበር።

ስትመለስ ሰዉ ወደየቤቱ ተበትኗል። እንዳለው ብቻ በሩን አግዳሚ ድንጋይ ላይ አጋድሞ የተሰነጠቀውን ሳንቃ በሌላ ሳንቃ እየደገፈ ሚስማር ይመታል። ወይዘሮ ባንቺ ከቤቱ ጀርባ፣ ማንም የማያያቸው ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥጧን ይዘዋል። ሁለቱን የጆሮ ውታፎች እየፈተሉ አንድ ለማድረግ ይሞክራሉ፤ ፈትሉ ግን ይበጠሳል።

"ነዪ ተቀመጪ" አሉ በኽምጣንጋ። ወይዘሮ ባንቺ የልባቸውን በአማርኛ አይናገሩም። "ነገር ልነግርሽ ነው፤ አታቋርጪኝ።"

ተቀመጠች። ሰላማዊት ወደ እንዳለው የሚስማር ቆርቆሮ ሮጠች።

"አምና የከለከልሁሽ እኔ ነኝ። እቤትሽ ሆነሽ ተማሪ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ጨክኜ አይደለም፤ ብርሃን እንዲህ አድርጋኝ ነው። ድምጿን እንጂ መልኳን አላስታውሰውም።" ጥጡን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ዛሬ በሩ ሳይከፈት ሲቀር፣ እኔ ገደልኋት አልሁ። አንድ ልጅ ለባሕር፣ አንድ ልጅ ለመርዝ። ከእንግዲህ አልከለክልሽም። ሂጂ። ወልድያም ሂጂ፣ ከዚያም በላይ ሂጂ። በሕይወት ብቻ ኑሪልኝ።"

ውዴ ዓይናቸውን አየች። አላመኗትም ማለት ነው። ጥጡን አይተው፣ መጽሐፉን አይተው፣ ከአፏ መርዝ አጥተው፣ አሁንም ልትሞት ነበር ብለው ነው የሚያምኑት። ስትፈልገው የኖረችው ቃል ይኸው፣ ሳትለምን መጣላት። ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ መዋሸት አይደለም፤ አጎንብሳ እጃቸውን ብትስም ነገሩ ያልቃል። ወልድያ ትሄዳለች፤ እሳቸውም ሦስት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ እየባነኑ ስልክ ይጠብቃሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት እየቀረበ ነው።

"እማየ" አለች። "እኔ ልሞት አልነበረም።"

"እሺ ልጄ።"

"እሺ አይበሉኝ። ይስሙኝ። ተኝቼ ነው።"

ወይዘሮ ባንቺ ጥጡን ከመሬት መልሰው አነሡት።

"እያነበብሁም አልነበረም። በር ቆልፌ፣ ከእንቅብዎ ጥጥ ሰርቄ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌላ ምንም የለም። በሰላማዊት ይዤዎታለሁ፣ ሌላ ምንም የለም።"

የአማቷ ፊት ላይ ፍርሃቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየ። ከሥሩ የመጣው ግን ደስታ አልነበረም።

"ተኝተሽ?" አሉ።

"ተኝቼ።"

"ተኝተሽ ነው የገደልሽኝ?" ብድግ አሉ። "ሚካኤልን ጥለሽ፣ ማኅበርተኛውን አሳፍረሽ፣ በሩን በሰው አሰብረሽ፣ እኔን በቁሜ ቀብረሽ፣ እንቅልፍ?" የእንዳለው መዶሻ ቆመ። "እኔ ደግሞ ሂጂ እላታለሁ! ደንግጬ እኮ ነው! አንቺ ከእንቅልፍሽ በቀር ምን ጎደለሽና ነው የምትሄጂው?"

"አሁንስ? ደንግጠው ያሉትን ደንግጠው እንዳሉት እቆጥረዋለሁ። አሁን ሳይፈሩ ይንገሩኝ።"

"አልልም! ሂጂም አልልም፣ ቅሪም አልልም! አንቺ የማንን አፍ ነው የምትጠብቂው?"

ተመናጭቀው ወደ ቤቱ ፊት ሄዱ። ውዴ ተከተለቻቸው። እውነቱን መናገሯ ዋጋ እንደሚያስከፍላት ታውቅ ነበር፤ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም እንደሚወስድባት ግን አላሰበችም። ግን የመጨረሻው ጥያቄያቸው ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። እውነት ነው፣ የማንን አፍ ነው የምትጠብቀው? ስትሄድም በአማቷ ፍርሃት፣ ስትቀርም በአማቷ እምቢታ። መሀሉ ላይ የእሷ የሚባል ቃል አልነበረም።

እንዳለው በሩን ከማጠፊያው ጋር አገናኝቶ አቁሞታል። ገፋ አድርጎ ከፈተው፤ ገፋ አድርጎ ዘጋው። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይሠራል።

"አሮጌው መቀርቀሪያ ለሁለት ተሰብሯል" አለ፤ ጠቡን እንዳልሰማ ሰው ድምፁን አለሳልሶ። "እኔ ጋ ለበረቴ ብዬ ያመጣኋት አንዲት ብረት አለች። ጓጉንቸርም ትይዛለች። ያለችው ግን አንድ ናት።" ብረቷን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። "ከውስጥ ልምታት ወይስ ከውጭ?"

ውዴ አላመነታችም ማለት አይቻልም። ወደ ቤቱ ውስጥ አየች። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ እንደተገለጠ ነው። ብረቷ ከውስጥ ብትመታ ነገም፣ የዛሬ ሳምንትም፣ የዛሬ ዓመትም ትቀረቅራለች፤ ሰዉ አሁን ለምዷልና በሩን አይሰብርባትም፤ እሷም ከገጹ ጋር ተፋጥጣ ትቀመጣለች። ልጇን ታያለች፤ በየማታው ታያታለች። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሰላማዊት የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ ለማቃናት እየታገለች ነበር። ሦስት ዓመት። በሦስት ዓመት ልጅ ጥርስ ይነቅላል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ የእናቱን ጠረን ይረሳል ወይ?

"ከውጭ" አለች።

እንዳለው ዓይኑን ወደ ወይዘሮ ባንቺ ሰረቅ አደረገ።

"ከውጭ በኩል ምታት አያ እንዳለው። ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚቆለፍ እንዲሆን።"

ወይዘሮ ባንቺ ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። አልዞሩም። ውዴ ወደ ውስጥ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ዘጋችው፤ ስልኳን ጨብጣ ወጣች። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉብታው ላይ ለመድረስ መሮጥ ይኖርባታል፤ ጥላው የጎረቤቱን አጥር አልፏል። የሰላማዊትን እጅ ይዛ፣ ነዪ እማዬ፣ ላዝልሽ ብላ ጎንበስ አለች።

ያኔ ወይዘሮ ባንቺ ዞሩ። ፊታቸው እንደተቆጣ ነው። የልጅቷን ሌላኛውን እጅ ያዙና ወደ ራሳቸው ጎተቷት።

"ተዪያት" አሉ። "ከባድ ናት፤ ዳገቱን ይዘሻት አትደርሺም።"

ውዴ ቀና ብላ አየቻቸው። ወይዘሮ ባንቺ ዓይናቸውን አሽሽተው ወደ ሚስማሩ ቆርቆሮ አጎነበሱ።

"በገና በዓል ያልመጣሽ እንደሆነ ግን" አሉ ሳያዩዋት፣ "ወልድያ ድረስ መጥቼ በርሽን እሰብረዋለሁ።"

ውዴ የልጇን እጅ ለቀቀች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሸረጠችና ወደ ዳገቱ ሮጠች። ከኋላዋ የእንዳለው መዶሻ ይሰማት ነበር።